ኪሳራን የሚጋራ ገንዘብ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ሆለታንና አዲስ ዓለምን አልፎ 80 ያህል ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሰው የሚያገኛት የጊንጪ ከተማ፣ በመንገደኛው ዘንድ የምትታወቀው በገበያዋና በጤፏ ቢሆንም፣ የግብርና ሊቃውንት ስሟን የሚያነሡት ከሁሉ አስቀድሞ ስለ አፈሯ ነው። በክረምት ከበሬው እግርና ከማረሻው አልላቀቅ የሚለው፣ በበጋም ደርቆ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቀው ያ ጥቁር የኮቲቻ መሬት በተፈጥሮው ለም ሆኖ ሳለ፣ በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ስለሚተኛበት ገበሬው ዝናሙ እስኪያባራ ዘሩን ይዞ ለመጠበቅ ይገደዳል፤ የክረምቱም እኩሌታ በከንቱ ያልፍበታል። ይህን ችግር ለማቃለል በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ዓ.ም.፣ ኢልካ ይባል የነበረው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከአገራችን የግብርና ምርምር ባለሙያዎች ጋር ሆኖ፣ ጊንጪንም ከመሞከሪያ ቦታዎቹ እንደ አንዱ ቈጥሮ፣ ሁለት የባህል ማረሻ በማጣመር በበሬ የሚሳብ፣ ሰፊ መደብና የውሃ መውረጃ ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ አበጀ። መሣሪያው ሠራ፤ ውሃው ወረደ፤ ዘሩም ቀድሞ ተዘራ።

ነገር ግን ያ መሣሪያ ጠቢባኑ ተስፋ ባደረጉት መጠን በየገበሬው ደጅ ሳይገኝ ቀረ። ስለ ምክንያቱ የጻፉ ባለሙያዎች ክብደቱን፣ ዋጋውን፣ የብድሩንም መጓደል ያነሣሉ፤ ይህ ሁሉ እውነት መሆኑን ሳልክድ፣ እኔ የማየው ዐቢይ ጉድለት ግን ሌላ ነው። ይኸውም፣ መሣሪያውን እየሠራ የሚሸጥ፣ የተሰበረውን የሚጠግን፣ ከበደ ሲሉት የሚያቀል፣ ተወደደ ሲሉት በሌላ ብረት የሚሞክር፣ በዚህም ካልተሳካለት የሚከስር፣ ከተሳካለት የሚከብር አንድ ድርጅት በጊንጪም ሆነ በአምቦ አለመቆሙ ነው። የምርምሩ ገንዘብ መሣሪያው መሥራቱ በተረጋገጠ ዕለት ተግባሩን ፈጸመ፤ የባንክ ገንዘብ ደግሞ የቤት ካርታ ካላየ ሥራውን አይጀምርም። የመጀመሪያው ምጽዋት ነው፤ ሁለተኛው ብድር ነው። በሁለቱ መካከል መቆም የነበረበት፣ ትርፍን እንደሚጋራ ኪሳራንም ሊጋራ የወደደ የሽርክና ገንዘብ ግን አልነበረም፤ ዛሬም በዚያ መንገድ ዳር አይገኝም።

በዘመናችን ቋንቋ ቬንቸር ካፒታል የሚባለው ይኸው ሦስተኛው ገንዘብ ነው። አሁን ያለውን መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1946 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ሲሆን፣ በትውልዱ ፈረንሳዊ የሆነው የሃርቫርድ መምህር ዦርዥ ዶሪዮ ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ዓ.ም. ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ለተባለ ጀማሪ የኮምፒውተር ፋብሪካ 70,000 ዶላር ሰጥቶ አብዛኛውን የአክሲዮን ድርሻ ያዘ፤ ያችም ገንዘብ ከ15 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች ወደሚቈጠር ሀብት ደረሰች። የዚህ ሥራ ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ ሰጪው አሥር ወይም ሃያ ጀማሪዎችን ሲረዳ የሚበዙት እንደሚጠፉበት አስቀድሞ ያውቃል፤ የአንዱ ትርፍ የሁሉን ኪሳራ እንዲሸፍን ስለሚሻም፣ በመጠኑ አትርፎ በሰላም የሚኖር ድርጅት አያረካውም። ደግሞም ገንዘቡን የሚያሠራለትን ሰው ያመነው በውሱን ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ዓመት ቀጠሮ ስለሆነ፣ ቀጠሮው ሳይደርስ ድርሻውን ለሌላ ሸጦ መውጣት አለበት። እንግዲህ ይህን ገንዘብ የሚመኝ ሰው የሚቀበለው ብር ብቻ አይደለም፤ ጥድፊያንም አብሮ ይቀበላል።

ይህ ንዋይ ወደ አፍሪቃ የመጣበትና የሸሸበት አኳኋን ለአስተዋይ ሰው ብዙ ያስተምራል። ወለድ በአሜሪካና በአውሮፓ ከምንም በማይቈጠርበት ዘመን፣ ባለጸጎች ገንዘባቸውን የሚያስቀምጡበት ቢያጡ ወደ ሌጎስ፣ ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ካይሮና ወደ ኬፕታውን ፊታቸውን መለሱ፤ ፓርቴክ የተባለው ኩባንያ በየዓመቱ በሚያወጣው ቈጠራ መሠረት የአፍሪቃ ጀማሪ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. ያገኙት ገንዘብ፣ ብድሩም ተደምሮ፣ ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የአሜሪካ ብሔራዊ ባንክ ወለድን ከፍ ማድረግ ቢጀምር፣ በሚቀጥለው ዓመት ያ ገንዘብ ወደ ግማሽ ግድም አሽቈለቈለ። በአፍሪቃ ውስጥ ባሉት ጀማሪዎች ላይ የተገኘ አዲስ ጥፋት አልነበረም፤ የፈረደባቸው በዋሽንግተን የተቀመጠ ጉባኤ ነው። ደግሞም የሚበዛውን ድርሻ የሚወስዱት ናይጄሪያ፣ ኬንያ፣ ግብፅና ደቡብ አፍሪቃ ሆነው፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገራችን ግን የምትቃርመው ጥቂቱን ነው።

ስለ ጥቂትነቱ የሚሰጠው ምክንያት የታወቀ ነው። ቴሌኮሙኒኬሽኑ እስከ 2013 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ነበረ፤ ባንኩ ለውጭ ሰው ዝግ ነበረ፤ የገባ ዶላር መውጣቱም የሚያጠራጥር ነበረ። ያም ሆኖ ትጋት አልጠፋም። ሳምራዊት ፍቅሩ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ታክሲ በመጥራት የጀመረችው ራይድ የአዲስ አበባን የትራንስፖርት ልማድ ለወጠ፤ ወጣቶችን በሶፍትዌር ሙያ እያሠለጠነ ከሥራ ሲያገናኝ የቆየው ገበያ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. 2 ሚሊዮን ዶላር ከውጭ ለማግኘት በቃ። የእነዚህን ሰዎች ድካም አደንቃለሁ። ሆኖም ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በጊንጪ የእህል ማበጠሪያ ወይም የትራክተር ኪራይ ማገናኛ ሊያቋቁም የሚያስብ ወጣት፣ በየአዳራሹ የሚነገረውን የዶላር ዜና ሰምቶ የእርሱም ዕድል በውጭ አገር ገንዘብ ላይ ያለ ቢመስለው፣ ከሒሳብ ጋር ይጣላል እላለሁ።

ሒሳቡ ይህ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ የሚመነዘረው በ57 ብር ግድም ስለ ነበረ፣ በዚያ ጊዜ 57 ሚሊዮን ብር ይገመት የነበረ ድርጅት ለውጭው ሰው 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተፈቀደ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ዶላሩ 125 ብር ግድም ደረሰ። እንግዲህ ያ ድርጅት በብርቱ ጥረት ሀብቱን አጥፎ 114 ሚሊዮን ብር ቢያደርስ እንኳ፣ በዶላር ሲመነዘር 912,000 ብቻ ነው። መሥራቹ በሠራተኞቹና በደንበኞቹ ፊት አደገ፤ በባለገንዘቡ መዝገብ ግን ከሰረ። ስለ ለውጡ አስፈላጊነት የሚከራከሩ ሌሎች አሉ፤ እኔ የምለው ሽያጩ በብር የሆነ፣ ደንበኛውም በጊንጪ ዙሪያ ያለ የደንዲና የጀልዱ ገበሬ የሆነ ድርጅት፣ ትርፉን በዶላር ከሚጠይቅ ሸሪክ ጋር ሲጣመር በእጁ ያልሆነ ዕዳ ይሸከማል ነው።

ጊንጪን በተመለከተ ሊዘነጋ የማይገባው ሌላም ነገር አለ። በኅዳር ወር 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች አደባባይ የወጡት የከተማዋ የኳስ ሜዳና የጭልሞ ደን ለባለሀብቶች ተላልፎ ይሰጣል በሚል ተቃውሞ እንደ ነበረ፣ ከዚያም የተነሣው ነገር ኦሮሚያን አዳርሶ የአገሪቱን ፖለቲካ እንደ ለወጠ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። በዚያ አካባቢ መዋዕለ ንዋይ ሲባል ብዙ ሰው በኅሊናው የሚያየው አጥርና ዘበኛ ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፣ ምክንያቱም ገንዘብ ይዞ የመጣው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው መሬት ነበረ። የሽርክና ገንዘብ ግን መሬት የማይጠይቅ፣ ከባለሙያው ጀርባ ቆሞ ዕጣውን የሚጠብቅ መሆኑን ለዚያ ሕዝብ በቃል ማስረዳት አይቻልም፤ የሚያምነው የራሱ ጎረቤት ገንዘቡን ሲያወጣ ያየ እንደሆነ ነው።

ገንዘቡስ ከወዴት ይመጣል ለሚለኝ፣ ከዚያው ከአካባቢው ነው ብዬ እመልሳለሁ። ከጊንጪ አጠገብ ካሉት ደጋዎች የሚመነጨውን የአዋሽን ወንዝ ስም የያዘው ባንክ በ1987 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ 486 መሥራቾች በ24.2 ሚሊዮን ብር የተከፈለ ካፒታል ያቆሙት ነበረ፤ የግል ባንክ ከተወረሰ 20 ዓመት ገደማ ባለፈበት፣ የሚመለከቱት አርአያ በሌለበት በዚያ ጊዜ አክሲዮን መግዛት ድፍረት ይጠይቅ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች እያንዳንዳቸውን በ300 ብር ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ፣ 47,377 ሰዎች በስልካቸው 10.7 ሚሊዮን ያህሉን ገዝተው 3.2 ቢሊዮን ብር አዋጥተዋል። ከቀረበው ላይ የተሸጠው ከዐሥር እጅ አንዱ ያህል በመሆኑ ብዙዎች እንደ ውድቀት ቈጠሩት፤ እኔ ግን ከ9,900 ብር በታች መግዛት በማይፈቀድበት ሽያጭ፣ የድርሻ ወረቀት አይቶ የማያውቅ ይህን ያህል ሕዝብ መገኘቱን እንደ ቀላል አልመለከተውም። የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከመከፈቱ አስቀድሞ ለራሱ መቋቋሚያ የሰበሰበው ከ1.5 ቢሊዮን ብር በላይ ሲሆን፣ ይህም ካቀደው ከእጥፍ የበለጠ ነበረ። ገንዘብ አለ ማለት ነው። የለመደው መንገድ ግን ወደ ትልቁና ወደ ታወቀው ብቻ ነው፤ ካልሆነም ወደ ፎቅ ነው። በአምቦ መንገድ ግራና ቀኝ በየዓመቱ የሚጨመሩትን፣ ሁለተኛ ደርባቸው ሳያልቅ ብረታቸው ወደ ሰማይ ቆሞ የሚከርሙትን ሕንፃዎች ያየ ሰው የነጋዴው ጥሪት የት እንደ ተኛ አይጠፋውም። (የከተማ ሹማምንትም ልማት የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ነው።)

ኪሳራን መጋራት ለሕዝባችን እንግዳ ትምህርት ነው የሚሉ ሰዎች ስለ ርቢ ሳይሰሙ የቀሩ ይመስለኛል። ላም ያለው ሰው ላም ለሌለው ጎረቤቱ ጊደሩን በርቢ ሲሰጠው፣ ያኛው ይመግባታል፣ ይጠብቃታል፣ ወተቷን ይጠጣል፤ የምትወልደውንም እንደ ውላቸው ይካፈላሉ። በበሽታ ብትሞት ጠባቂው ቆዳዋን አምጥቶ ያሳያል እንጂ ዋጋዋን ክፈል ተብሎ አይከሰስም፤ ባለቤቱም ዕጣዬ ነው ብሎ ይቀበላል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የቬንቸር ካፒታል ሕግ ከነአካሉ አለ። ካፒታሉ ጊደሯ ናት፤ የመሥራቹ ድርሻ የጠባቂው ድካም ነው፤ የሒሳብ ምርመራውም ቆዳው ነው፤ እውነቱን ለመናገር በአንዳንድ ከተሜ ድርጅቶች ካየሁት ምርመራ ቆዳው ይታመናል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ሲሆን፣ ይኸውም ጠባቂው አንድ ጊደር የሚቀበለው ከአንድ ሰው ስለሆነ፣ ሃያ ጊደር ለሃያ ሰው ሰጥቶ የአንዱን ሞት በሌላው ርቢ የሚያካክስ ማኅበር አለመኖሩ ነው። እቁብ ደግሞ ሰውን ይሰበስባል፤ የሚሰጠው ግን መልሶ የሚከፈል ተራ ስለሆነ ኪሳራን አያውቅም። ርቢንና እቁብን ያጣመረ ማኅበር በምዕራብ ሸዋ ቢቆም የሚታፈርበት ፈጠራ አይሆንም።

ሃይማኖቱም አይቃወመውም። አበው በወለድ ማበደርን ሲያወግዙ የኖሩት ድኻው ቢከስርም ባይከስርም ስለሚከፍል ነበረ፤ ፍትሐ ነገሥትም ለብድርና ለመያዣ እንዳለው ሁሉ ለሽርክናም አንቀጽ አለው። ሙስሊም ወንድሞቻችን ሙዳረባ የሚሉት ውል፣ አንዱ ገንዘቡን ሌላው ሙያውን የሚያገባበትና የገንዘቡ ኪሳራ በባለገንዘቡ ላይ የሚወድቅበት፣ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሕጉም ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ብዙ ተሻሽሏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ሲተካ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ለማቋቋም ተፈቅዶለታል፤ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ከብትና ሰብል ሳይቀር፣ ለብድር ዋስትና ሊሆን ይችላል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የስታርትአፕ አዋጅ አጽድቋል። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ሚቹ ብሎ የሚሰጠው ያለ መያዣ ብድርም፣ በቴክኖሎጂ ተደግፎ፣ የጉሊት ቸርቻሪዋን ሳይቀር ከአራጣ አበዳሪ ያድናታል። ይህ ሁሉ ሠናይ ነው። ነገር ግን ለጥቂት ወራት የሚሰጥ አነስተኛ ብድር ሸቀጥ ገዝቶ ለመሸጥ እንጂ፣ ሦስት ክረምት ሳያተርፍ ሊቆይ የሚችል አዲስ ሙከራን ለመሸከም አይበቃም፤ አዋጁም ቢሆን ዕውቅና መስጫው ቢሮ በአዲስ አበባ ብቻ ከተቀመጠ፣ የሚጠቀሙበት ለስብሰባ አዳራሽ የቀረቡት ይሆናሉ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የመውጫው ነገር ነው። የአሜሪካው ባለገንዘብ ድርሻውን በገበያ ሸጦ ይወጣል፤ በጊንጪ ያለ የአንድ ትንሽ ድርጅት አክሲዮን ግን በልጅ ልጅ ዘመን እንኳ ገዢ ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ የእኔ አሳብ መውጫውን ከሽያጩ ውስጥ ማበጀት ነው። ለምሳሌ የእህል ነጋዴዎችና የጭነት መኪና ባለቤቶች ተሰብስበው ለአንድ ጀማሪ 1 ሚሊዮን ብር ቢሰጡትና እርሱም ከየዓመቱ ሽያጩ ከመቶ 6 እየከፈለ 3 ሚሊዮን ሲሞላ ነጻ እንዲወጣ ቢዋዋሉ፣ ሽያጩ በዓመት 10 ሚሊዮን ከደረሰ በ5 ዓመት ይጨርሳል፤ ሽያጩ ካነሰ ዘመኑ ይረዝማል፤ ምንም ካልሸጠ ምንም አይከፍልም። ሦስት እጥፍ መባሉ የበዛ የሚመስለው ሰው፣ የኑሮው ውድነት ብርን በየዓመቱ እንዴት እንደሚያሳሳው፣ ከአሥሩ ውሎችም ምናልባት አምስቱ ወይም ስድስቱ ጠፍተው እንደሚቀሩ ያስብ። የተሰጠው ገንዘብ በክፍያው ውስጥ ስለሚመለስም፣ መሥራቹ ድርጅቱን ለዘለዓለም አያካፍልም።

ዘመድና ጎረቤት በገንዘብ ሲገናኙ ጠብ አይጠፋም የሚለውን ተቃውሞ አልንቀውም፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። መድኃኒቱ ግን ማኅበሩ ለወንድም ልጅና ለአማች እንዳይሰጥ በደንቡ መከልከል፣ መዝገብ የሚያነብ ሰው ከውጭ መቅጠር፣ የጀማሪውም ሽያጭ በቴሌብር ወይም በባንክ በኩል ብቻ እንዲያልፍ ማስገደድ ነው፤ ይህ የመጨረሻው በጥሬ ገንዘብ ለሚሠራ ነጋዴ የማይጥም መሆኑን አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ግብር ሰብሳቢው አብሮ ያያል። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረ እንደ መሆኑ፣ የግብርናውን ነገር የሚመዝን መምህርና ሒሳብ የሚይዝ ተመራቂ ከዚያ አይጠፋም።

ውሉን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ መጻፍ፣ በሰነዶች ማረጋገጫም ማስመዝገብ ይገባል፤ ከአንቀጾቹም ሁሉ በፊት እንዲገባ የምሻው፣ ድርጅቱ በቅን ልቦና ተሞክሮ ቢዘጋ የመሥራቹ ቤት፣ በሬና የአባቱ እርሻ እንዳይነካ፣ እርሱም በሚመጣው ዓመት በሌላ አሳብ ወደዚያው ማኅበር ተመልሶ እንዲያመለክት የሚፈቅደው ነው፤ ይህን አንቀጽ ፈርሞ ገንዘቡን የሚያወጣ አንድ የእህል ነጋዴ ከጊንጪ ቢገኝ፣ አዲስ አበባ ላይ ከሚደረገው ከማናቸውም የጀማሪዎች ውድድር ይልቅ እርሱን አከብራለሁ።